ገመዱ የማን ነው? ሟቹስ?
(ሮቤ ላይ ለአካባቢው ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር)

ወገኖቼ!

ከሮቤ ጎባ ስትሄዱ ቀና ብላችሁ እዩ። ምሰሶና ገመድ ነው። ከሥሩ ቤት ይሠራል፣ ቆርቆሮ ይመታል፣ በስንዴ አጨዳ ኮምባይነር ያልፋል። ፌሮ የተሸከመ የቀን ሠራተኛ ገመዱን ሲነካ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አይነገርም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሲሞት ተጠያቂው ማን ነው?

ገመድ ዘርጊው «የኮንትራክተሩ ሠራተኛ ነው» ይላል። ኮንትራክተሩ «ገመዱ የእኔ አይደለም» ይላል። ሽማግሌ ይገባል፣ ለለቅሶ የምትሆን ገንዘብ ትሰጣለች፣ ወረቀት ይፈረማል። አለቀ!

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069፣ የከፍተኛ ኃይል ኤሌክትሪክ መስመር የዘረጋ ሁሉ አደጋው ሲደርስ ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋት ባይኖርበትም! ዘርጊው መንግሥት ራሱ ቢሆንም፣ ፈቃድ በእጁ ቢኖርም አያመልጥም። ቁጥር 2086 ደግሞ «ሌላ ሰው ነው ያጠፋው» የምትለዋን ቀዳዳ ደፍኗታል። የሚቀረው የሟቹ የራሱ ጥፋት ብቻ ነው።

ኮንትራክተሩስ? በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 96 መሠረት አሠሪ ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል። ሠራተኛው ሰክሮ ከመጣ ወይም በግልጽ የተነገረውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ነገሩ ይለወጣል። እሺ፤ ጓንት ሳይሰጥ፣ መብራቱን ሳያስጠፋ «ውጣ!» ያለ አሠሪ የቱ መመሪያ ተጣሰብኝ ሊል ነው?

እንግዲህ ሟቹ የመስመሩ ባለቤት ተቀጣሪ ከሆነ መንገዱ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ነው። የሌላ አሠሪ ሰው ከሆነ ግን የገመዱንም ባለቤት በ2069 መክሰስ ይቻላል። በቁጥር 2095 የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና ወላጆች በራሳቸው ስም ካሣ ይጠይቃሉ።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ግን አለ። ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘኑ፣ የሚከፈለው ካሣ በቁጥር 2116 ከ1000 ብር አይበልጥም። በ1952 የተቆረጠ ዋጋ! አንድ ሺህ ብር ዛሬ ምን ይገዛል? የሕዝብ ተወካይ ነኝ የሚል ሁሉ ይመልስ።

ይርጋ ደግሞ እንደ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል። በፍትሐ ብሔሩ የካሣ ክስ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ የፖሊስና የሐኪም ማስረጃ ያዙ፣ ምስክር መዝግቡ፣ ገመዱን ከነምሰሶው ፎቶ አንሡ። ሽማግሌ ይከበር፤ ሕግ አዋቂ ሳያይላችሁ ግን ምንም ወረቀት አትፈርሙ!