የጠፋው ስልክ፣ የተረፈው ደብተር
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከባልትና ቡድኑ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የመጣነው የደረሰብንን ልንነግራችሁ ነው። ለወራት ደብቀነው ነበር። የጠፋው ስልክ እናንተ ደጋፊዎቻችን የሰጣችሁን ስለሆነ ለመናገር አፍረን ነው።

እንደምታውቁን በርበሬ፣ ሽሮና በሶ የምናዘጋጅ 12 ሴቶች ነን። ስንጀምር ሒሳባችን በደብተር ነበር። ስልኩ ሲመጣ ዱቤውም፣ ትእዛዙም፣ የእህል ግዢውም ወደ ስልክ ገባ። ስልኩ ራሱ ይደምራል፣ ይቀንሳል፤ ደስ አለን። ቀስ በቀስ የዱቤ ደብተሩን የሚሞላ ጠፋ።

የፋሲካ ሰሞን፣ ሥራ በበዛበት ሳምንት፣ ሒሳብ ያዣችን ታክሲ ስትሳፈር በግፊያው መሃል ስልኩ ከቦርሳዋ ተሰረቀ። ሲም ካርዱን ለማስተካት ብንሄድ፣ የተመዘገበው በአንዷ አባላችን ወንድም ስም ነው። እሱ ክፍለ ሀገር ስለነበር እስኪመጣ አራት ቀን ጠበቅን። ደንበኞች ለበዓል ያዘዙት በዚያ ቁጥር ነበር፤ ደውለው ሲያጡን ወደ ሌላ ሄዱ።

ከዚያ የባሰው ዱቤው ነው። ማን ስንት እንዳለበት በእርግጠኝነት የምታውቅ አልነበረችም። አንዷ ውጭ ያለን 38 ሺህ ብር ነው ስትል፣ ሌላዋ 45 ሺህ ትላለች። ቀጥሎ ሹክሹክታ መጣ፤ «እውነት ተሰርቆ ነው?» ተባለ። ለዓመታት አብረን ቡና የጠጣን ሴቶች ተጠራጠርን። ሒሳብ ያዣችን ሁለት ሳምንት ከስብሰባ ቀረች። ቡድኑ ሊፈርስ ጥቂት ነበር የቀረው።

ያተረፈን የቁጠባ ደብተራችን ነው። ዘወትር ቅዳሜ እያንዳንዷ አባል ያስገባችው ብር በራሷ ደብተር ይጻፋል፣ ይፈረማል፤ ያንን አልተውነውም ነበር። 12ቱ ደብተሮች ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የማንም ቁጠባ አላከራከረም። ባንክ ሄደን የሒሳብ መግለጫ አወጣን፤ በሞባይል የተከፈለን ሁሉ ከነቀኑ ተገኘ። የቀረውን ለመሰብሰብ ሁለት ሁለት ሆነን ቤት ለቤት ዞርን። አብዛኞቹ ደንበኞቻችን ሐቁን ነገሩን፤ እግዜር ይስጣቸው። ጥቂቶቹ ግን «ከፍዬ ጨርሻለሁ» አሉን። ማስረጃ ስላልነበረን ዝም ብለን ተመለስን።

ልዩነቱ ያን ጊዜ ገባን። ቁጠባው በሁለት ሰው እጅ ተጽፎ ነበር፤ ዱቤው በአንድ ስልክ ብቻ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እኛ በገንዘባችን የተማርነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ጽሑፍም እንደሚጠፋ ነው። ሒሳብ ያዣችንንም ይቅርታ ጠየቅናት። ጥፋቱ ሁሉንም ነገር እሷ ትከሻ ላይ የጫንነው የሁላችንም ነው።

ከዚያ ወዲህ የምናደርገው ይህ ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያዎች 3-2-1 የሚሉት ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሥራ ቦታ ውጭ። እኛ በአቅማችን ወሰድነው። ዱቤ ሲሰጥ በካርቦን ሁለት ቅጂ ይጻፋል፤ ደንበኛው ፈርሞ አንዱን ይወስዳል። ቅዳሜ ማታ የሳምንቱ ገጾች ፎቶ ተነስተው ሦስት አባላት ብቻ ወዳሉበት የቴሌግራም ቡድን ይላካሉ። በስልኩ ያለው ሒሳብ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል፤ ፍላሹ ሱቅ አያድርም፣ የሊቀመንበሯ ቤት ይቀመጣል።

«ኢንተርኔት ላይ ካለ ወረቀቱ ምን ያደርጋል?» ያላችሁን አላችሁ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ለሦስት ሳምንት ያህል ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም ነበር። መዝገቡን እዚያ ብቻ ያኖረ ሰው በዚያን ጊዜ ምን ይዞ ይሸጣል?

ሲም ካርዱ አሁን በራሳችን ስም ነው። የሚስጥር ቁጥር ስልክ ላይ አይጻፍም፤ እኛ ጽፈነው ነበር፣ ሌባው ሳያየው ሒሳባችን ስለታገደ ተረፍን። ስልክ ሲጠፋ የሚደወልባቸው ቁጥሮች ሱቁ ግድግዳ ላይ በወረቀት ተለጥፈዋል። መጀመሪያ ሲሙን ማዘጋት፣ ቀጥሎ የባንክና የሞባይል ገንዘብ ሒሳቡን ማሳገድ፣ ከዚያ የጠፋውን ስልክ ከቴሌግራም ማስወጣት ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም መብራት ሲሄድ በወረቀት ደረሰኝ እንሸጣለን፤ ለመልስ የሚሆን ዝርዝር ብርና የተሞላ ፓወር ባንክ አይጠፋም። ደንበኛ «ልኬያለሁ» ብሎ ስክሪንሹት ቢያሳየን ብሩ በራሳችን ሒሳብ መግባቱን ሳናይ እቃ አንሰጥም። ምስል ሊቀናበር ይችላል። ቅር የሚለው ደንበኛ አለ፤ በትሕትና እናስረዳዋለን።

የመጨረሻውና ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር መሞከር ነው። በወር አንድ ቀን ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈን «ጠፍቷል» እንላለን። ከዚያ የቀረውን ይዘን ማን ስንት እንዳለበት እንደምራለን። በመጀመሪያው ሙከራ ፍላሹን ስንከፍት አንድም ፋይል አልከፈት አለን። ፎቶ ኮፒ ቤት ስንሰካው ቫይረስ ይዞት ኖሯል። አስቡት፤ ለሁለት ወር ቅጂ አለን ብለን ተኝተን ነበር! አሁን የመዝገቡ ፍላሽ ሌላ፣ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ሌላ ነው።

ደጋፊዎቻችን፣ ስልኩን ስትሰጡን አምናችሁን ነው፤ እናመሰግናለን። አንድ ነገር ግን እንለምናችኋለን፤ ለሌላ ቡድን ስልክ ወይም ኮምፒውተር ስትሰጡ፣ መዝገብ እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያስተምር አንድ ቀንም ጨምሩበት።

እህቶቻችን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንባችሁ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሲሙ በማን ስም ነው? ዱቤው ከስልኩ ሌላ የት ተጽፏል? ያ ቅጂ ተከፍቶ ታይቷል ወይ?

ሒሳብ ያዣችን ዛሬም ሒሳብ ያዣችን ናት፤ ይኸው ከኋላ ተቀምጣለች። መዝገቡ ግን አሁን የ12ታችንም ነው።