የተቀደደው ወረቀት ይመስክር!

(ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ ጸሐፊው በጋምቤላ ክልል ጎግ ወረዳ ፑኝዶ ከተማ ለመምህራንና ለወጣቶች ያደረገው ንግግር ነው።)



ከአዲስ አበባ ተነስቼ ጎግ ድረስ ስለ ሲኒማ ማስታወቂያ ወረቀት ላወራ እሄዳለሁ ስል ያልሳቀብኝ ሰው የለም። «ሰው ስለ መንገድና ስለ መድኃኒት በሚጮህበት አገር አንተ ስለ ወረቀት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ትንሽ ታገሡኝና ፍርዱን እናንተው ስጡ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከዓመታት በፊት መርካቶ ቆሎ ገዝቼ ስበላ ዓይኔ መጠቅለያው ላይ አረፈ። ገልበጥ ባደርገው የድሮ ሲኒማ ማስታወቂያ ነው። ግማሽ የሴት ፊት ይታያል፤ ከሥሩ «ዛሬ ማታ» ይላል። የፊልሙ ስም ተቀዷል። ቆሎው አለቀ፣ ወረቀቱ ግን እኔ ዘንድ ቀረ። መሰብሰብ የጀመርኩት በዚያች ቀን ነው።

ምን ይጠቅማል? ትሉኝ ይሆናል። ሲኒማ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» አለው። በፋሽስት ወረራ ዘመን ደግሞ ለነጭ ሌላ ሲኒማ፣ ለአገሬው ሌላ ሲኒማ ሆነ። ጣሊያን «ማርኮኒ» ብሎ የጀመረው አዳራሽ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ፤ ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር ተባለ። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ግድግዳ ስንት ስም ተሸከመ? መንግሥት ሲለወጥ የመጀመሪያው ሥራ ግድግዳ መቀባት ነው። የድሮውን ስም የያዘ ወረቀት ማን ደፍሮ ያስቀምጣል? ለዚህ ነው ወረቀቱ ምስክር ነው የምለው። የመግቢያውን ዋጋ፣ ሰዓቱንና ቋንቋውን፣ ማን እንደተጋበዘና ማን እንደተከለከለ ሳይዋሽ ይናገራል።

የራሳችን ፊልሞችማ! «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም.፣ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀረቡ። የ«ጉማ» ስም ዛሬ የፊልም ሽልማት መጠሪያ ሆኗል። ስሙን እናከብራለን፣ በዚያን ጊዜ ሕዝቡን የጠራችውን ወረቀት ግን ስንቶቻችን አይተናል? አንድ ቀን ወደ አንድ ሲኒማ ቤት፣ ስሙን ልተወውና፣ ሄጄ የድሮ ፖስተር እንዲያሳዩኝ ለመንኩ። ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት አባት አዘኑልኝ። «ልጄ፣ ባለፈው ጽዳት ሲባል በጋሪ አውጥተን አቃጠልነው» አሉኝ። ትእዛዝ ነው። ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። ለማቃጠል ማኅተም የሚያገኝ መሥሪያ ቤት ለማስቀመጥ አንድ መደርደሪያ ያጣል!

ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል? «ሜትሮፖሊስ» የተባለው የጀርመን ፊልም በ1927 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከፖስተሮቹ አንዱ በ2005 እ.ኤ.አ. 690 ሺህ ዶላር ተሸጠ። እንዲህ የተወደደው ወርቅ ስላለበት አይደለም፤ ሌሎቹ ስለተጣሉ ነው። አሜሪካም ውስጥ ቢሆን ፖስተር ካንዱ ሲኒማ ወደ ሌላው እየዞረ ያልቅ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ወረቀት ተሰብስቦ ለፋብሪካ ይሰጥ ነበር። ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የጋና ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቪዲዮና ጄኔሬተር ይዘው በየመንደሩ የሚዞሩ ሰዎች ማስታወቂያቸውን በዱቄት ከረጢት ላይ በእጅ ያሥሉ ነበር። ያ ከረጢት ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ኤግዚቢሽን ላይ ተሰቅሏል። የጋና ልጅ የገዛ መንደሩን ሥዕል ለማየት ቪዛ መጠየቅ ሊኖርበት ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ትናንት ማታ እዚሁ ፑኝዶ ከአንድ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ቆሜ ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የፊልሙ ስም፣ ሰዓቱና ዋጋው ተጽፏል። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ ልጁ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገ ሌላ ይጽፋል። የጎግ የሲኒማ ታሪክ በየቀኑ ጠዋት ይጠረጋል ማለት ነው!

እናንተም የፊልም ታሪክ አላችሁ እኮ። ከ1980 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1983 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ የሱዳን ሕፃናት እዚህ ተጠልለው ነበር። ደርግ ሲወድቅ ጊሎን ሲሻገሩ ብዙዎቹ አለቁ። ስለ እነዚያ ልጆች ዓለም ፊልም ሠራ፣ ተሸለመበትም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ጉድ ላይ» ፖስተር ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን የአሜሪካዊቷ ተዋናይት ፊት ነው። ፑኝዶ የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ሰው ታሪኩን ራሱ ካልያዘ ፖስተሩን ሌላ ይሥልለታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ገንዘብ አይጠይቅም። ሰሌዳው ሳይጠረግ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቀኑን፣ ቦታውንና ዋጋውን ጻፉ። የወረቀት ማስታወቂያ ካገኛችሁ ፕላስተር አትለጥፉበት፤ ሙጫው ያቃጥለዋል። በጀርባው በእርሳስ እንጂ በእስክርቢቶ አትጻፉ። ከፀሐይ አርቁት፤ ምስጥ እንዳይደርስበት ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ በንጹሕ ወረቀት መሐል አስተኙት። አንድ የትምህርት ቤት ሣጥን ለመጀመሪያው ይበቃል። አዲስ አበባ ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ነገር ግን ወመዘክር ጎግ መጥቶ ሰሌዳ አይቀዳላችሁም።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ሰው ዕቃውን ለማውጣት ሲሯሯጥ አይቻለሁ። አልጋ ወጣ፣ ድስት ወጣ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ግን ማንም አላወጣም፤ ከግድግዳው ጋር ወደቀ። እኔም እንደ ሌላው ቆሜ አየሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

እናንተ ግን ጊዜ አላችሁ። ዛሬ ማታ ሰሌዳው እንደገና ይጻፋል። ነገ ጠዋት ከጨርቁ ቀድማችሁ ድረሱ!