ሕፃኑም የሚጠየቅ ፈቃድ አለው
(ለመምህራን ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የእስልምና ትምህርት ስለ ሕፃናት ገላ መጠበቅ አንዳች አይናገርም የሚል ቢኖር፣ ቁርኣንን ገልጦ ሱረቱል ኑርን ይመልከት። በዚህ በ24ኛው ሱራ፣ በ58ኛው አንቀጽ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች በሦስት ጊዜያት ሳያስፈቅዱ ወደ ታላላቆቻቸው እንዳይገቡ ታዟል፤ ይኸውም ከሱብሒ ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻእ ሶላት በኋላ ነው። ለአካለ መጠን ሲደርሱ ግን ዘወትር እንዲያስፈቅዱ ቀጣዩ አንቀጽ ያዛል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስም 10 ዓመት የሞላቸው ልጆች መኝታቸው እንዲለይ ተነግሯል።

ይህ ሥርዓት የልጁ ግዴታ ሆኖ ብቻ ሲሰጥ ትምህርቱ ግማሽ ይሆናል። ልጁ የሰውን በር ማንኳኳት ይማራል፤ የራሱ ገላም በር እንዳለው ግን ሳይነገረው ይቀራል።

ጉድለቱን የሚሞላው ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መጠጥ ቀረበላቸው፤ በቀኛቸው አንድ ልጅ፣ በግራቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። ተራው የቀኙ በመሆኑ፣ ለሽማግሌዎቹ ለማቀበል ልጁን አስፈቀዱት። ልጁ አልፈቀደም። እርሳቸውም ለእርሱ ሰጡት። ለአንድ ጽዋ የልጅ ፈቃድ ከተጠየቀ፣ ለገላው እንዴት አይጠየቅ?

ሐያእም ከዝምታ ሊለይ ይገባል። ሐያእ ገላን ይሸፍናል፤ ዝምታ ግን በደለኛውን ይሸፍናል። የነቢዩ ባለቤት ዓኢሻ የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት ዓይን አፋርነት ሃይማኖታቸውን ጠይቆ ከማወቅ ስላላገዳቸው ነበር።

ስለሆነም ኡስታዙ የዐውራን ወሰን ሲያስተምር፣ ወላጅ እያወቀ ለእጥበት ወይም ለሕክምና ካልሆነ በቀር ወሰኑን ዘመድም ሆነ ጎረቤት፣ መምህሩም ራሱ ቢሆን ሊጥሰው እንደማይገባ ጨምሮ ይንገር። ፈጣሪን በማመፅ ለፍጡር መታዘዝ የለምና፣ ልጁ እምቢ ማለትን፣ ከስፍራው መሸሽንና ለሚያምነው ሰው መናገርን ይልመድ። በደል ቢደርስበትም ጥፋቱ የእርሱ አለመሆኑን ከወዲሁ ይወቅ።

ልጁ በተናገረ ጊዜ የሚፈተነው ታላቁ ነው። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በ626ኛና በ627ኛ አንቀጾቹ በልጆች ላይ የሚፈጸም የክብረ ንጽሕና ድፍረትን ይቀጣል፤ ለቤተሰብ ስም ሲባል በሽምግልና የሚዳፈን ጉዳይ አይደለም። ሕፃኑ ፊደሉን በሉሁ ላይ ሲጽፍ መምህሩን አምኖ ነው፤ ያ እምነት አማና ነው፤ አማናም ለባለቤቱ ይመለሳል።