መንገዱን ሸፍኖ ፊትን መግለጥ



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከዐስር ሶላት በኋላ ወጣቶች ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ዛሬ ልመልስ። «ስልኬ ላይ ኦርቦት ጭኛለሁ፤ ሁሉም ነገር በቶር በኩል ያልፋል፤ ከእንግዲህ ማን ያውቀኛል?» ትላላችሁ።

ቶር መንገድ ነው። መልእክታችሁን በሦስት ኮምፒዩተሮች አዙሮ አይፒ አድራሻችሁን ይሰውራል። ቀላል ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በአገራችን ቶር የተዘጋው በከንቱ አልነበረም። ድረ ገጹን የሚከፍተው ግን ብሮውዘሩ ነው። እርሱም የስክሪኑን ስፋት፣ የፊደል ዓይነቶቹን፣ ቋንቋውን፣ የሰዓት ቀጠናውን ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ለየብቻቸው ምንም አይደሉም፤ ሲደመሩ የጣት አሻራ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ወደ 470 ሺህ ብሮውዘሮች መርምሮ ከመቶ 83 በላይ የሚሆኑት አምሳያ የሌላቸው ሆነው አግኝቷቸዋል። ቋንቋው አማርኛ፣ ሰዓቱ የአዲስ አበባ የሆነ ስልክማ በቶር ላይ ስንት ይገኛል?

ታዲያ አሻራውን የት እንሸፍነው? «ራውተሩ ያጥራልን፣ ቶሩ ራሱ ይሰውርልን» የሚሉ አሉ። አይሆንም! በኤችቲቲፒኤስ ከብሮውዘሩ የሚወጣው ተቆልፎ ነው የሚሄደው፤ መሀል መንገድ ላይ ያለው ሊያነበውም ሊለውጠውም አይችልም። ቁልፉ ደግሞ የኛው መጠበቂያ ነውና ይከፈት አንልም። ስለዚህ አሻራው የሚሸፈነው በሚወጣበት ቦታ፣ ብሮውዘሩ ውስጥ ነው።

ቶር ብሮውዘር ለዚህ ተሠራ። የሁሉንም ተጠቃሚ ሰዓት ዩቲሲ ያደርጋል፣ ኮምፒዩተር ላይ የመስኮቱን ስፋት ያጠጋጋል፣ አንዱን ከሌላው ለመለየት ያስቸግራል። በኢድ ሶላት ስታዲየም ሞልቶ ሁሉም ነጭ ለብሶ ሲቆም ከሩቅ ማን ማንን ይለያል? «ይበልጥ ልደበቅ» ብሎ ኤክስቴንሽን የሚደራርብበት ሰው በዚያ ሰፍ መሀል ቀይ ኮፍያ ያደረገ ነው።

እኔም ራሴ ለወራት ኦርቦትን ከፍቼ በክሮም ስገባ ነበር። ያረመኝ ተማሪዬ ነው፤ አላህ ይጨምርለት።

በራሳችሁ ፌስቡክ ከገባችሁ ግን ስማችሁን ራሳችሁ ተናገራችሁ፤ ብሮውዘር አያድናችሁም። ከመግሪብ በኋላ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ መድረሳው ኑ፣ አብረን እንጭናለን። ቶር ብሮውዘር የራሱን ቶር ይዞ ስለሚመጣ ኦርቦቱን አጥፍታችሁ ኑ።