ሽሪምፕና የሕይወቱ ጉዞ



ከባሕር ርቀን በደጋ ያደግን ልጆች ስለ ባሕር እንስሳ ልንናገር መቆማችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገር ግን ሽሪምፕ በብዙ አገሮች ገበታ እጅግ የተወደደ ስለ ሆነ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅመናል።

ሽሪምፕ ዓሣ አይደለም፤ አጥንት የሌለው፣ ቅርፊት የለበሰ፣ በዐሥር እግር የሚራመድ ፍጥረት ነው። ባደገ ቍጥር ቅርፊቱ ስለሚጠበው አሮጌውን ጥሎ አዲስ ያወጣል፤ አዲሱ እስኪጠነክር ድረስም ተደብቆ ይቆያል።

በሞቃት ባሕር የሚኖረው ሽሪምፕ ከዳርቻው ርቆ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር እንቍላል ይጥላል። የተፈለፈሉት ጥቃቅን ልጆች በውሃው እየተወሰዱ ወንዝና ባሕር ወደሚገናኙበት ስፍራ ይደርሳሉ። ብዙዎቹም በማንግሮቭ ዛፎች ሥር ተጠልለው ያድጋሉ፤ ሲጎለምሱ ወደ ባሕር ይመለሳሉ።

ታዲያ ፈላጊው በበዛ ጊዜ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በኤኳዶርና በታይላንድ ለሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ ሲባል ብዙ የማንግሮቭ ደን ተመነጠረ። ሰው ሽሪምፕን አረባለሁ ሲል የሽሪምፕን ማደጊያ አፈረሰ። በባሕርም የሽሪምፕ መረብ የባሕር ኤሊዎችን እየያዘ ስለ ፈጀ፣ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1987 በመረቡ ላይ ኤሊ የሚያመልጥበት በር እንዲደረግ ደነገገ።

እኛም ለማገዶ ስንል ደናችንን ቈርጠን ምንጫችን ሲደርቅ አይተናል። ወተት የሚወድ ሰው ላሚቱን ይጠብቃል፤ መስኳንም አያርስም። ከሽሪምፕ የተማርነው ይህን ነው።