ስለ ኖርዝ ቤሪክ ጉዞ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ በሐምሌ ልናደርገው ያሰብነውን የባሕር ዳር ጉዞ «ቦታውን አይታችሁ ንገሩን» ባላችሁን መሠረት፣ ከኮሚቴው አራት ሆነን ኖርዝ ቤሪክ ውለን መጥተናል። ያየነውንና ጠይቀን የተረዳነውን በአጭሩ እናቀርባለን። በመጨረሻ እናንተ የምትወስኑት አንድ ጉዳይ አለና በትዕግሥት አድምጡን።

መንገዱ ቀላል ነው። ከኤዲንብራ ዌቨርሊ ጣቢያ የሚነሣው ባቡር በ35 ደቂቃ ያህል ያደርሳል። ሐዲዱ እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1850 ሲሆን፣ ትንሿ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የእንግዳ መናፈሻ የሆነችው ከዚያ ወዲህ ነው። ከጣቢያው ወደ ባሕሩ በእግር ቁልቁል ነው፤ ሽማግሌም አይከብደው።

ከተማዋ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በጎልፍና በሸራ ጀልባ። የጎልፉ ማኅበር የተቋቋመው በ1832 ነው። ሜዳው የባሕሩን ዳር ይዞ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ላይ አሮጌ የድንጋይ አጥር ስላለ ተጫዋቹ ኳሷን በአጥሩ ላይ ማሳለፍ አለበት። ሬዳን የሚሉት 15ኛው ቀዳዳ ስሙን ያገኘው በክራይሚያ ጦርነት ከነበረ ምሽግ ነው፤ አሠራሩም በብዙ አገር ተቀድቷል። ለልጆች ብቻ ተብሎ የተሠራ ባለ 9 ቀዳዳ ሜዳም አለ።

«የሀብታም ሜዳ ነው፣ ያባርሩናል» ያላችሁ ነበራችሁ። በ2003 በወጣው የስኮትላንድ መሬት ሕግ ማንም ሰው በጥንቃቄ ጎልፍ ሜዳ አቋርጦ ማለፍ መብቱ ነው። ጨዋታ ማወክና ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን የተስተካከለ ሣር መርገጥ ግን ክልክል ነው። ተጫዋቹ ዱላውን ሲያነሣ ቆም በሉ፤ «ፎር!» የሚል ጩኸት ከሰማችሁ ደግሞ ቀና ብሎ ማየት የለም፣ ራስን በክንድ ሸፍኖ ማጎንበስ ነው።

ከወደቡ ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ባስ ሮክ የሚባል ዐለት ቆሟል። ከሩቅ በረዶ የጣለበት ይመስላል፤ ነጩ ነገር ግን ጋኔት የሚባለው የባሕር ወፍና ኩሱ ነው። በ2014 ሲቈጠር ከ75 ሺህ በላይ ጎጆ ተገኝቶበት ነበር፤ በ2022 የወፍ ጉንፋን ገብቶ ብዙ ፈጀ። ጉልበት ያላችሁ ደግሞ 187 ሜትር ያለውን የከተማዋን ኮረብታ ውጡ፤ ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እኛ አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን፤ ወንዝ እንጂ ባሕር አናውቅም። ይህ ባሕር ቆሞ አይጠብቅም። ስድስት ሰዓት ያህል ይሸሻል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ይመለሳል። ጠዋት ጀልባዎቹ ወደቡ ጭቃ ላይ ተጋድመው አየን፤ ከሰዓት በኋላ እነዚያው ጀልባዎች ተንሳፍፈው ሸራ ዘርግተው ሲወጡ አየን። ልጅ በደረቅ እግሩ የሄደበት ዐለት ሲመለስ በውኃ ይከበባል ማለት ነው። ውኃው በሐምሌም ቢሆን ከ15 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም፤ ድንገት የገባን ሰው ትንፋሽ ያሳጣል። ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ደግሞ በአየር የተነፋ ፍራሽ ላይ የተቀመጠን ልጅ ይዞት ይሄዳል።

በወደቡ አጠገብ አንድ የድንጋይ መስቀል አለ። በ1889 የሚሰምጥ ልጅ ለማዳን ገብታ ለሞተች፣ ካትሪን ዋትሰን ለምትባል የ19 ዓመት ወጣት የቆመ መታሰቢያ ነው። ልጁ ተርፏል። በከተማዋ የነፍስ አድን ጀልባ አለ፤ መጀመሪያ የተቋቋመው በ1860 ነው፤ ሠራተኞቹ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው፤ ወጪው በአብዛኛው ከሕዝብ መዋጮ ነው። እንደ እድር በሉት። የእኛ እድር ሰው ከሞተ በኋላ ይደርሳል፤ የእነርሱ ሳይሞት ለመድረስ ይሮጣል።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ያሳስባል፤

1ኛ/ ለሁለት ልጅ አንድ አዋቂ ይመደብ፤ ስሙም ከጉዞው በፊት ይጻፍ። ትንንሾቹ ከምሥራቁ አሸዋ ዳር ባለው ጥልቀት በሌለው ኩሬ ይጫወቱ።

2ኛ/ በአየር የሚነፋ ፍራሽና ጀልባ ማንም ይዞ አይምጣ።

3ኛ/ ውኃ የወሰደው ሰው አይታገል፤ በጀርባው ተንጋሎ ይንሳፈፍ። ያየ ሰው 999 ደውሎ «ኮስትጋርድ» ይበል እንጂ ዘሎ አይግባ።

4ኛ/ አውቶቡስ ከመከራየት በባቡር እንሂድ፤ ድስቱንና አቅም የሌላቸውን እናቶች መኪና ያላችሁ አባላት አድርሱልን። የሚተርፈው ገንዘብ ለልጆቻችን የዋና ትምህርት ይዋል። አውቶቡሱ ለአንድ ቀን ነው፤ ዋና ያወቀ ልጅ ግን ዕድሜ ልኩን ያውቃል።

አውቶቡስ የፈለጋችሁ ጨዋታው እንዳይቀር ብላችሁ መሆኑን እናውቃለን፤ ጨዋታው አሸዋው ላይም አይጠፋም። ቀኑ ፍልሰታ ሳይገባ እንዲሆን ታስቧል። በ4ኛው ነጥብ ላይ በሚቀጥለው ስብሰባ እጅ በማውጣት ስለሚወሰን ማንም እንዳይቀር።



የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው