ከሽንኩርት ማሳ ጀርባ

ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ፣ በጣርማ በር አልፎ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛ መጀመሪያ ጋቢውን ያወልቃል፤ ቀጥሎ የፓፓያ ዋጋ ይጠይቃል።

ሸዋ ሮቢት የምትገኝበት የቀወት ቆላ በቀይ ሽንኩርትና በማሾ ይታወቃል። ሁለቱም ግን በአብዛኛው የገበያ ናቸው። ሽንኩርት በአንድ ጊዜ የደረሰ እንደሆነ ዋጋው ይወርዳል፤ የተገኘችው ብርም ለቲማቲምና ለቃሪያ ተመልሳ ትወጣለች። በመስኖ አገር ቃሪያ መግዛት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስተዛዝባል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የተባለ የመንግሥት መርሐ ግብር ስለ ወተት፣ ስለ እንቁላልና ስለ ማር ብዙ አስወርቷል፤ ስለ ጓሮዋ ቃሪያ ግን ማንም አያወራም።

ጓሮ ከተነሣ፣ ለቆላው እኔ ፓፓያን አስቀድማለሁ። ሙቀት ይወዳል፣ በዓመት ገደማም ያፈራል። ጣጣው ወንዴና ሴቴ መኖሩ ነው፤ ካላበበ አይለይም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ሦስት አራት ችግኝ ይተክሉና ይጠብቃሉ። አበባው በረጅም ዘንግ የተንጠለጠለው ወንዴ ነው፤ ከግንዱ ተጠግቶ ያበበው ሴቴ። ለብዙ ሴቴ አንድ ወንዴ ይበቃልና የተረፈው ይነቀል። አትክልት የታጠበበትን ውሃ ማጠጣት ይቻላል፤ ብቻ ከሥሩ አይተኛበት፣ ይበሰብሳል።

ከአጥሩ ጥግ ሽፈራው ጣል ቢደረግ ድርቁን ይችላል፤ ቅጠሉም እንደ ጎመን ይሠራል። ዶሮ ያላችሁ ግን የችግኝ መደቡን በእሾህ እጠሩ፤ ችግኙን ከእናንተ ቀድማ የምትቀምሰው እሷ ናት።